የሚሸከመን ንፋስ ነው፦ ከኮንጎ ጫካ እስከ ሰፈራችን ጎሚስታ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ልጁ አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ የኋላ ወንበሮቹን አስነቅሎ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና የውሃ በርሜል አስገብቶበታል። ቤትም መኪናም መሆኑ ነው፤ ፈረንጆቹ ሞተርሆም ይሉታል። ቱሪስት ይዞ ከሀዋሳ አርባ ምንጭ፣ ከዚያም ወደ ኦሞ ሊሠራበት አስቧል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ "ቲቸር፣ አራቱም ጎማ ልጭት ብሏል። አዲስ ልግዛ ወይስ ደህና ያገለገለ ልፈልግ? ያ የጎማ ንፋስ የሚቆጣጠረው ዕቃስ ይጠቅማል ወይስ የፈረንጅ ቅንጦት ነው?"

እኔ ታሪክ አስተማሪ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ግን ጥያቄውን ሳስበው መልሱ ያለው ከታሪክ ውስጥ ነው። ስለ ጎማ ዛሬ የምናውቀው እያንዳንዱ ሕግ የሆነ ሰው የከፈለበት ነገር ነው። ስለዚህ ለእሱ ብቻ ከምመልስ ለሁላችንም ይሁን ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

ከቃሉ እንጀምር። መኪና የያዘ ሰው በቀን ስንት ጊዜ ጣሊያንኛ እንደሚናገር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? "ጎማ" ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ጎማ የሚጠግነው "ጎሚስታ" ጣሊያንኛ ነው። "ክሪክ"፣ "ቸርኬ"፣ "ካላማዳሪያ"፣ "ፍሬን"፣ "ካምቢዮ"፣ "ፍሪሲዮን"፣ "ካቻቢቴ" ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው። ጋራዥ የገባ ሰው ሳያውቀው የወረራ ዘመን መዝገበ ቃላት ያገላብጣል። አርበኞቻችን ጣሊያንን አስወጡት፤ ጎሚስታው ግን ቃሉን ይዞ ቀረ።

ጎማ ከጣሊያንም በፊት ረጅም ታሪክ አለው። የጎማ ዛፍ ወተት መጀመሪያ ላይ ብዙም አይጠቅምም ነበር፤ በሙቀት ይቀልጣል፣ በብርድ ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1839 ቻርልስ ጉድዪር የሚባል አሜሪካዊ ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ የሚያጠነክርበትን መንገድ አገኘ። ፓተንቱን በ1844 አወጣ፤ ግን ዕዳ ሳይለቀው ሞተ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ትልቅ ኩባንያ የእሱ አልነበረም፤ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ሌሎች ሰዎች አቋቁመው ስሙን ለክብር ሰጡት።

ጎማን በንፋስ መሙላት ደግሞ የሌላ ሰው ሐሳብ ነው። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1845 ፓተንት አወጣበት፤ ግን ለፈረስ ጋሪ ማን ያን ያህል ይከፍላል? ተረሳ። በ1888 ቤልፋስት ውስጥ ጆን ዳንሎፕ የሚባል የእንስሳት ሐኪም የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት መንገጫገጩ አላምር ብሎት እንደገና ፈለሰፈው። በ1895 የሚሼሊን ወንድማማቾች በንፋስ ጎማ የሚሄድ መኪና ይዘው በፓሪስ–ቦርዶ–ፓሪስ ውድድር ገቡ። ጎማቸው መንገዱን ሙሉ እየተነፈሰ አሰቃያቸው፤ አላሸነፉም። ግን የሚቻል መሆኑን አሳዩ። ያ ውድድር የተደረገው ከዐድዋ ድል ጥቂት ወራት በፊት ነው። የአጼ ምኒልክ ሠራዊት በእግሩና በበቅሎ ወደ ሰሜን ሊዘምት ሲሰናዳ፣ አውሮፓ ውስጥ የሚቀጥለው ጦርነት መጓጓዣ እየተሞከረ ነበር።

አሁን ወደ መራራው ክፍል እንግባ። ዓለም በብስክሌትና በመኪና ሲያብድ ያ ሁሉ ጎማ ከየት መጣ? አንደኛው ምንጭ ኮንጎ ነው። የቤልጅየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ 2ኛ ኮንጎን እንደ ግል ርስቱ ይዞ ነበር። መንደሮች ከጫካ የሚያመጡት የጎማ መጠን ተወሰነላቸው፤ ያላሟላ ተገረፈ፣ ሚስቱና ልጆቹ መያዣ ሆነው ታሰሩ፣ መንደሩ ተቃጠለ። ወታደሮች ጥይት በከንቱ አለማባከናቸውን ለማሳየት የተቆረጠ እጅ ይዘው እንዲመጡ ይጠየቁ ነበር። ያ ጉድ በፎቶግራፍ ለዓለም ታይቶ ጩኸት ሲበዛ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ቤልጅየም አገሪቱን ከንጉሡ እጅ ወሰደች። በሌላ በኩል በ1876 ሄንሪ ዊክሃም የሚባል እንግሊዛዊ 70,000 ያህል የጎማ ዛፍ ዘር ከብራዚል አውጥቶ ለንደን አደረሰ። ከዚያ የበቀሉት ችግኞች እስያ ተተክለው የማሌዢያ ዓይነቶቹ ሰፋፊ የጎማ እርሻዎች መጡ። ክፍል ውስጥ "ኢምፔሪያሊዝም" ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ዓይናችሁ እንቅልፍ እንቅልፍ ይል ነበር፤ ኢምፔሪያሊዝም ማለት አንዱ መልኩ ይሄው ነው። መኪናችን ሥር አራት ቦታ ተገጥሟል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና በጅቡቲና በሐረር በኩል፣ መንገድ በሌለበት በረሃና ዳገት እየገፋና እያስጎተተ አምጥቶ ለአጼ ምኒልክ አቀረበ። ንጉሡም ሳይፈሩ ተሳፈሩባት። አዲስ ነገር እንደሚወዱ መቼም ታውቃላችሁ።

ከ28 ዓመት በኋላ ግን መኪናው በሌላ መልክ መጣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ከደሴ የተነሳው ከ1,700 በላይ መኪና ሰልፍ ይዞ ነው። ጣርማ በር ላይ የእኛ ሰዎች መንገዱን አፍርሰውት ስለነበር ያ ሁሉ መኪና ቆሞ ቁፋሮ ጠብቋል። ጣሊያን ያን ጦርነት በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን ብቻ አላሸነፈም፤ በጎማም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቃት ነገር አለች። የመንግሥታቱ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከኅዳር 18 ቀን 1935 ጀምሮ ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል፣ እንዳይሸጥላት ከተከለከሉት ዕቃዎች አንዱ ጎማ ነበር! ቆርቆሮ፣ አሉሚኒየም፣ የብረት ማዕድንና የጭነት እንስሳትም ነበሩበት። ነዳጅ ግን አልነበረበትም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። የማኅበሩ አባል ያልሆነችው አሜሪካም በማዕቀቡ አልተገደደችም። አስቡት እንግዲህ፦ ጎማውን ከልክለው ቤንዚኑን ለቀቁለት። ሙሶሊኒ ራሱ በኋላ ለሂትለር ማዕቀቡ ነዳጅን ቢጨምር ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ መውጣት ግድ ይሆንብኝ ነበር ማለቱ ተጽፏል። አራት ነገር የሚያስፈልገውን መኪና አንዱን ብቻ ከልክሎ ማቆም አይቻልም። ይህቺን ነጥብ ያዟት፣ ስለ ልጁ ሚኒባስ ስናወራ እንመለስባታለን።

ከነጻነት በኋላ ብዙ ጣሊያናውያን መካኒኮች እዚሁ ቀርተው ሠርተዋል፤ ቃላቱም በእነሱና ባስተማሯቸው ልጆች በኩል ሥር ሰደዱ። ሀዋሳችን በ1952 ዓ.ም. ስትቆረቆር ጎሚስታ የሚለው ቃል ከተማዋን ቀድሞ የነበረ ነው ማለት ነው። ወደ ሞያሌ የሚወስደው መንገዳችን ዛሬ ከካይሮ ኬፕታውን የሚዘልቀው የአፍሪካ አውራ ጎዳና አካል ነው። አልፎ አልፎ ከአውሮፓ ድረስ እየነዱ በከተማችን የሚያልፉትን አልጋ የተገጠመላቸውን መኪኖች የምናየው ለዚህ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ የራሳችን የጎማ ፋብሪካ ተቋቋመ፣ አዲስ ጎማ። በ1990ዎቹ ከስሎቫኪያው ማታዶር ጋር ተጣምሮ ሠራ፣ በኋላ ደግሞ በሚድሮክ ሥር ሆራይዘን አዲስ ጎማ ተባለ። እንዲህም ሆኖ አብዛኛው መኪናችን የሚቆመው በውጭ ምንዛሪ በተገዛ ጎማ ላይ ነው። "ያገለገለ ልግዛ?" የሚለው ጥያቄ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ አዲሱ ስለሚወደድ ነው።

ታድያ ንፋስ መቆጣጠሪያውስ? እሱም የራሱ ታሪክ አለው፣ እሱም በደም የተጻፈ ነው።

የጎማ ንፋስን ለሾፌሩ የሚነግር መሣሪያ በቤት መኪና ላይ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ፖርሽ 959 በሚባል እጅግ ውድ መኪና ነው። ለሀብታም ብቻ የሚሆን ነገር ነበር። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች በፋየርስቶን ጎማ እየሄዱ፣ ጎማው በፍጥነት ላይ ሳለ ጥርሱ ከነሽፋኑ እየተላጠ ይገለበጡ ጀመር። አደጋው የበዛው ሙቀት ባለባቸው ደቡባዊ ግዛቶች ነው። ፋየርስቶን በነሐሴ 2000 6.5 ሚሊዮን ጎማ እንዲመለስ አደረገ። የሞቱት በአሜሪካ ብቻ ከ270 በላይ ተቆጠሩ። ከዚያ ሁለቱ ኩባንያዎች ጣት መጠቋቆም ጀመሩ። ፎርድ ጎማው ነው አለ። ፋየርስቶን ደግሞ መኪናው ነው፣ ደግሞም ፎርድ 26 ፒኤስአይ ሙሉ ማለቱ ዝቅተኛ ነው አለ። ወደ መቶ ዓመት የተጠጋ ሽርክና በዚሁ ፈረሰ። የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሕግ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2007 ጀምሮ የሚሠራ ማንኛውም አዲስ ቀላል መኪና የንፋስ ማስጠንቀቂያ እንዲኖረው ተገደደ። አውሮፓ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ አደረገችው።

ስለዚህ "የፈረንጅ ቅንጦት ነው ወይ?" ለሚለው መልሴ፦ አይደለም ወዳጄ። ሰው አልቆ የተማሩት ነገር ነው። እኛ ተመሳሳይ ትምህርት በራሳችን ሰው መማር የለብንም።

ነገሩ ለምን እንደሚገድል ልንገራችሁ። መኪናውን የሚሸከመው ጎማው አይደለም፣ ውስጡ ያለው ንፋስ ነው። ጎማው የንፋሱ ከረጢት ነው። አንድ እግር ላይ 700 ኪሎ ቢያርፍና ንፋሱ 50 ፒኤስአይ ቢሆን፣ መሬቱን የሚነካው ጎማ 200 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው። ከደብተር ሽፋን ያነሰ! ንፋሱ ሲጎድል የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሽቦን ደጋግማችሁ ስታጥፉት እንደሚግለው ማለት ነው። በውስጥ ይግላል፣ ሽፋኑ ከገላው ይላቀቃል፣ በመጨረሻ ይፈነዳል። ሰው "ንፋስ በዝቶበት ፈነዳ" ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የፈነዳው ጎድሎት ነው።

የሦስት ነገር ጥምረት ነው የሚገድለው፦ የጎደለ ንፋስ፣ የበዛ ጭነት፣ ረጅም ፍጥነት። ፈጣን መንገዶቻችን ሲበዙ ሦስተኛው እየጨመረ ነው። ኮሮኮንች ላይ በ40 የሚሄድ ያረጀ ጎማ ይቅር ሊልህ ይችላል፤ ፈጣን መንገድ ላይ ለሁለት ሰዓት በ100 ስትነዳው ግን ይቅር አይልህም።

እንግዲህ ለሚገዛ ሰው የሚሆን ምክር እነሆ፤ ጎማ ሻጭ ቤት ስትሄዱ ስልካችሁ ላይ ይኑራችሁ።

አንደኛ፣ ዕድሜውን አንብቡ። ጎማው ጎን ላይ "ዶት" ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው! መጨረሻው 17 የሆነ ጎማ "የ2017 ነው፣ አዲስ ነው" ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ፣ በእኛ የ2009 ወይም የ2010 ጎማ ነው የሸጠላችሁ። ብዙ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይጣል ይላሉ። ጎማ እንደ እንጀራ ነው፣ ባይበላም ይደርቃል። ብዙ ቆሞ ጥቂት ለሚሄድ ባለ አልጋ መኪና ደግሞ ጥርሱ ሳያልቅ ዕድሜው ነው የሚያልቀው።

ሁለተኛ፣ የመሸከም አቅሙን አንብቡ። ለሚኒባስ የሚሆን ጎማ ከመጠኑ ቀጥሎ "ሲ" የምትል የላቲን ፊደል አለችው፤ ለንግድ መኪና የተሠራ ማለት ነው። ከዚያ የጭነት ቁጥር አለ፦ 104 ማለት አንዱ ጎማ 900 ኪሎ፣ 102 ማለት 850፣ 91 ማለት 615 ኪሎ ይሸከማል። መጠኑ ገጥሞ ዋጋው ስለረከሰ ብቻ የአውቶሞቢል ጎማ ሚኒባስ ላይ የሚያስር ሰው አለ። አልጋ፣ ምድጃ፣ 100 ሊትር ውሃና አራት እንግዳ ሲጫንበት ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት። ከተቻለ መኪናውን ሙሉ ጭኖ ሚዛን ላይ ማቆም ነው፤ የፊቱንም የኋላውንም ለየብቻ።

ሦስተኛ፣ ያገለገለ ጎማን በተመለከተ። እንደ ታሪክ ሰው ብቻ ልናገር፦ ያለፈ ታሪኩን የማታውቁትን ምስክር አትመኑ። ያ ጎማ ንፋስ ጎድሎት ስንት ኪሎሜትር እንደሄደ፣ ውስጡ መላላጡን በዓይን አይታይም። ገንዘብ ከጠበበ ሁለት አዲስ ገዝታችሁ ከኋላ እሰሩ፤ ኋላው ከከዳ መኪናው ይሽከረከራል። ሌሎቹን ሁለት እስክትገዙ ጉዞውን አራዝሙት እንጂ ሰው አትጫኑበት። አንዱን ዓይነት በቀኝ ሌላውን በግራ አታድርጉ። ስኮርት ጎማውንም አትርሱ፣ እሱም ያረጃል።

አራተኛ፣ ንፋሱን ከመኪናው በር ላይ ካለው ጽሑፍ ውሰዱ። ጎማው ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር የመጨረሻ ጣሪያው ነው፣ የሚሞላው ልክ አይደለም። የምትለኩት ጠዋት ሳትነሱ፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። መንገድ ላይ ሲሞቅ ቁጥሩ ይጨምራል፤ "በዛ" ብላችሁ አታስተንፍሱት፣ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኙታላችሁ። የእኛ አገር ደግሞ ከፍታ አለባት። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኦሞራቴ ከ400 ሜትር ብዙም አይርቅም። ስትወርዱ ሙቀቱ ቁጥሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ የውጭው አየር መክበድ ደግሞ ወደ ታች ይጎትተዋል። ስለዚህ ቆላ ስታድሩ ጠዋት እንደገና ለኩ።

አምስተኛ፣ መቆጣጠሪያው። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በየቸርኬው ውስጥ ይገጠማል፤ ሌባ አይነካውም፣ ግን ባትሪው ከዓመታት በኋላ ያልቃል፣ ጎሚስታውም ጎማ ሲያወልቅ እንዳይሰብረው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ሁለተኛው በቫልቩ አፍ ላይ እንደ ክዳን የሚጠመዝዝ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ራሳችሁ ትገጥሙታላችሁ፣ ግን በቀላሉ ይሰረቃል። ይህኛውን ከመረጣችሁ የላስቲክ ቫልቩን በብረት ቀይሩ፣ ክብደቱን እንዲችል። ከመግዛታችሁ በፊት እናንተ የምትሞሉትን ያህል ፒኤስአይ ማንበብ መቻሉን አረጋግጡ፤ የአውቶሞቢሉ ለሚኒባስ ላይበቃ ይችላል። አሁን በብዛት የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህ መሣሪያ ተሠርቶባቸው ነው የሚመጡት፤ መብራቱ ሲበራ "የቻይና መኪና ሁሌ ይጮሃል" ብላችሁ አትለፉት። እነሱም በባትሪያቸው ምክንያት ከባድ ናቸው።

ግን መሣሪያውንም አታምልኩት። በአሜሪካው ሕግ መብራቱ መብራት የሚጠበቅበት ንፋሱ በ25 በመቶ ሲወርድ ነው። 60 የሚሞላ ጎማ 45 እስኪደርስ ዝም ሊል ይችላል ማለት ነው። የእጅ መለኪያ ያስፈልጋል። የማዕቀቡን ነገር ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፦ አንዱን ነገር ብቻ ይዞ ሌላውን የለቀቀ ጥንቃቄ የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ነው። ጥሩ ጎማ ገዝቶ ንፋስ የማይለካ፣ ንፋስ ለክቶ ጭነት የማይመዝን፣ መዝኖ በ120 የሚበር፣ ጎማ ከልክሎ ቤንዚን እንደለቀቀው ሰው ነው።

በእግር ረገጥ አድርጎ ወይም በመፍቻ መትቶ "ደህና ነው፣ ሂድ!" ማለት የኖርንበት ልማድ ነው። ሾፌሩም ረዳቱም ያደርጉታል። ጎማው 50 ይኑረው 35 እግር አይለይም። ትንሽ የእጅ መለኪያ ለይቶ ይነግራል፤ ዋጋውም ከአንድ ጎማ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም።

እጃቸውን ያጡት የኮንጎ ሰዎች ለዚህ ጎማ ከፍለዋል። መኪናቸው የተገለበጠባቸው አሜሪካውያን ለማስጠንቀቂያ መብራቱ ከፍለዋል። እኛ የተከፈለበትን ዕውቀት በነጻ አግኝተናል። ጠዋት ሁለት ደቂቃ ጎንበስ ብሎ መለካት ነው የቀረን።

ሾፌር ወንድም፣ አባት ወይም ጓደኛ ያላችሁ አድርሱላቸው። ጋራዥ ውስጥ የምትሰሟቸው ሌሎች የጣሊያንኛ ቃላት ካሉ ደግሞ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ እየሰበሰብኩ ነው። መልካም መንገድ ለሁላችን!